ክለቡ የማን ነው?



በአዲስ አበባ ሕዝብ አፍ ገብተው አማርኛ ሆነው ከቀሩት የጣሊያን ቃላት መካከል ሁለቱ ለዛሬው ንግግራችን መግቢያ ይሆኑናል። አንደኛው «ቲፎዞ» ሲሆን ሁለተኛው «ከርቸሌ» ነው። ቲፎዞ ማለት የአንድን ክለብ ነገር እንደ ራሱ ጉዳይ ቈጥሮ በስታዲየም የሚጮኽ፥ ሲያሸንፉለት የሚጨፍር፥ ሲሸነፉበት እራቱን ሳይቀምስ የሚያድር ደጋፊ ነው። ከርቸሌ ደግሞ እስር ቤት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እስረኛው በሕግ ተይዞ የሚኖር ነው፤ ቲፎዞው ግን በገዛ ፍቅሩ የተያዘ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ስለሚኖሩበት ቤት የሚቈረጠውን ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ይቈርጠዋል፤ እነርሱ ከተቈረጠ በኋላ ይሰማሉ።

ዛሬ ከእግር ኳስ ወዳጆች ጋር ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ሦስት ዐይነት ቅሬታ ይሰማል። የመጀመሪያው፥ «ክለባችንን የሚመሩት እኛን የማያውቁን ናቸው» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የወደድነው ተጫዋች ሁሉ ይሸጥብናል» የሚል ነው። ሦስተኛውም፥ «በረኛ ጠፋ፤ ግባችንን የሚጠብቅልን ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሆነ» የሚል ነው። ብዙዎች እነዚህን ሦስቱን እንደ ሦስት ልዩ ልዩ በሽታ ቈጥረው ለየብቻቸው መድኃኒት ሲፈልጉላቸው ይታያል። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምረው ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ሆነው እናገኛቸዋለን። ሥሩም የባለቤትነት ነገር ነው። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ባለቤቱ ለሚታወቅ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ቤት ግን አጥሩን ማንም ይነቀንቀዋል።

ነገሩን ከቃሊቲ እንጀምር። «ዓለም በቃኝ» እየተባለ ይጠራ የነበረው የጥንቱ የአዲስ አበባ ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ትልቅ አዳራሽ ተሠርቶ በጥር ወር 2004 ዓ. ም. ተመርቋል። ከዚያም ወዲህ የከተማው ሰው ስለ እስር ሲነጋገር ስሙን ሲያነሣ የኖረው በከተማይቱ ደቡብ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያለውን የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ነገር ግን ይኸው የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት ከታራሚ ጥበቃው ሌላ አንድ የሚያስመሰግን ስም አለው፤ የስፖርት ክለብ ባለቤት ነው። በነሐሴ ወር 2000 ዓ. ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው ጥሩነሽ ዲባባ በአገር ውስጥ ውድድር የምትሮጠው ለማረሚያ ቤቶች ክለብ ነበር።

ይህ ለባዕድ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ለእኛ ግን የተለመደ ነው። በአገራችን ታራሚ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ሯጭ ያሳድጋል፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ባንክ አጥቂ ይቀጥራል፤ ለቤትና ለመኪና ዋስትና የሚሰጥ መድን ድርጅት ተከላካይ ያስፈርማል፤ መብራት የሚያመነጨው፥ ሲሚንቶ የሚያመርተው፥ አገር የሚጠብቀው ሠራዊት፥ ጸጥታ የሚያስከብረው ፖሊስ ሁሉ የየራሱ ቡድን ነበረው። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም ከመካከላችሁ የቡድኑን የጫማና የመለያ መግዣ ወጪ በደብዳቤ ያጸደቀ ይኖራል። እንግዲህ ይህ አሠራር ከየት መጣ? ምን ጠቀመ? ምንስ ጐዳ?

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ. ም.፥ የፋሺስት ጦር ወሰን ጥሶ ገብቶ አገሪቱ በጭንቅ ላይ ሳለች፥ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በአራዳ ጊዮርጊስ ሰፈር አንድ የኳስ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ይህ ቡድን የመሥሪያ ቤትም የፋብሪካም አልነበረም፤ የሰፈር ልጆች ቡድን ነበረ። ከነጻነት በኋላ፥ በ1936 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፥ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ፤ ዋንጫውንም የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «አራራት የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አያስቸግርም ነበር፤ የአርመኖች ማኅበር ነው። «ጊዮርጊስስ?» ቢል፥ የአራዳ ልጆች ነው። ክለብና ደጋፊ አንድ ቤተ ሰብ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤቶች ዘመን መጣ። የጦር ሠራዊቱ መቻል፥ የፖሊስ ሠራዊቱ ኦሜድላ፥ የክብር ዘበኛም ቡድን ስማቸው ገነነ። በድሬዳዋ ደግሞ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፥ ሕዝቡ «ኮተን» እያለ የሚጠራው፥ በ1950ዎቹ ዓመታት በተደጋጋሚ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ የፋብሪካ ቡድን በ1957 ዓ. ም. በአክራ በተፈጸመው በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጨረሻው ውድድር ከደረሱት አራት ክለቦች አንዱ ነበረ። የብሔራዊ ቡድናችን አምበል የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎም የኮተን ተጫዋች ነበረ።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤትን ባለቤትነት በጅምላ መንቀፍ ከእውነት መራቅ ይሆናል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፑብሊክ፥ ማለት ግብፅን፥ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፥ ከቡድኑ ተጫዋቾች ብዙዎቹን ያሳደጓቸው እንደነዚህ ያሉት ክለቦች ነበሩ። በዚያ ጨዋታ ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ እኩል ሆኗል። የአጥቂዎቹን የመንግሥቱ ወርቁን፥ የግርማ ተክሌንና የኢታሎ ቫሳሎን ስም ሁሉም ያስታውሳል፤ ነገር ግን በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ከሁለተኛው ጎል በኋላ ሦስተኛ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ወደ ካይሮ በሄደ ነበር። በረኛ እንዲህ ነው፤ ሥራው የሚታወቀው ሲጐድል ነው።

የዚያን ዘመን አሠራር ለበረኛ የሚጠቅምበት ምክንያት ነበረው። ተጫዋቹ በአብዛኛው ወይ ወታደር ወይ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ነበረ እንጀራው ከኳሱ ውጭ ነበረ። ዛሬ ቢሳሳት ነገ አይባረርም፤ ዘንድሮ ሁለተኛ በረኛ ቢሆን ከርሞም በዚያው መሥሪያ ቤት ይገኛል። መሥሪያ ቤቱ በደመወዝ ያኖረው ነበር፤ እርሱም ይታገሥ ነበር። በረኛን የሚያበስለው ትዕግሥት ነው።

ይሁን እንጂ የዚሁ አሠራር ሌላው ገጽታ ብዙ ሳይቈይ ታየ። ከ1966 ዓ. ም. አብዮት በኋላ ክለቦች በአዲስ መልክ እንዲደራጁ ሲደረግ ቅዱስ ጊዮርጊስ የቀድሞ ስሙን ትቶ በቢራ ፋብሪካው ስም እንዲጫወት ሆነ። የጥንት ስሙን መልሶ ያገኘው ከ1983 ዓ. ም. ለውጥ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ የክለብ ስም ከነታሪኩ ሲለወጥ ደጋፊውን የጠየቀ አልነበረም። ስሙ ሲመለስ ግን ደጋፊው ባለበት ተገኘ። ስምን በትእዛዝ መለወጥ ይቻላል፤ ፍቅርን ግን በትእዛዝ ማዛወር አይቻልም። በዚያው ዘመን፥ በ1968 ዓ. ም.፥ የቡና ማበጠሪያ ሠራተኞች የመሠረቱት ቡድን ውሎ አድሮ የኢትዮጵያ ቡና ተብሎ ከመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ወጥቶ በአዲስ አበባ ሕዝብ ልብ ውስጥ ገባ፤ በ2003 ዓ. ም. ሻምፒዮን ሲሆንም ደስታው ከቡና ነጋዴው ይልቅ የመንገደኛው ነበረ። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት የተወለደ ክለብም ሕዝብ ከተቀበለው የሕዝብ መሆን ይችላል። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕዝቡ በልቡ የያዘውን በመዝገብ አለመያዙ።

በ1990 ዓ. ም. ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካዎችና ከመሥሪያ ቤቶች ቡድን ጐን የከተማ አስተዳደሮች ቡድን እየበዛ መጣ። አዳማ ከተማ፥ ሐዋሳ ከተማ፥ አርባ ምንጭ ከተማ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ባለቤቱን ይናገራሉ። በዚህ ጊዜ አንድ አስተዋይ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ለተጫዋች የሚከፈለው ገንዘብ ከከተማው በጀት የሚወጣ ከሆነ፥ ገንዘቡ ውኃ ከሚጠብቀው ቀበሌና መንገድ ከሚጠብቀው መንደር ጋር በአንድ ከረጢት ያለ ገንዘብ ነው። እንግዲያስ ደጋፊው በግብሩ ባለቤት ነው፤ በውሳኔው ግን እንግዳ ነው።

ባለቤትነቱ በሕዝብ እጅ ያልሆነ ክለብ በአንድ ፊርማ ይነሣል፤ በአንድ ፊርማም ይወድቃል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2009 ዓ. ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ የወንዶቹ ቡድን ተዘጋ፤ የሴቶቹ ቡድን ግን ቀጠለ። ከዓመታት በኋላ የወንዶቹ ቡድን እንደ ገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ. ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ትንሣኤው ያስደስታል፤ ነገር ግን አንድ ቡድን ሲዘጋም ሲከፈትም የደጋፊ ጉባኤ ስለ መጠራቱ አልተወሳም። ደደቢት ደግሞ በ2005 ዓ. ም. ሻምፒዮን ሆኖ በ2011 ዓ. ም. ከሊጉ ወረደ። ከዘውድ እስከ ጓሮ ስድስት ዓመት ብቻ ነበረ። ሥሩ በሕዝብ ውስጥ ያልተተከለ ዛፍ ቶሎ ይለመልማል፤ ቶሎም ይደርቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቅሬታ፥ ወደ ተጫዋች ሽያጭ እንለፍ። በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም ማስተካከል ያስፈልጋል። ሰው አይሸጥም፤ የሚዛወረው ውሉ ነው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ሌላ ክለብ ቢፈልገው ፈላጊው ክለብ ለያዘው ክለብ ካሣ ይከፍላል። ውሉ ካለቀ ግን ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ወደደው ይሄዳል። ይህ መብት በአውሮፓ የጸናው ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ የቤልጂግ ተጫዋች በአውሮፓ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ ወር 1988 ዓ. ም. ባገኘው ፍርድ ነው። በእኛ አገር ውሉ አጭር ሆኖ ስለሚጻፍ፥ ዘንድሮ መለያውን ለብሶ ያየነው ልጅ ከርሞ በሌላ መለያ ሲመጣ ደጋፊው «ተሸጠ» ይላል፤ እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ክለቡ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ መቅረቱ ነው።

ቀድሞ ለተጫዋች በአንድ ጊዜ ይሰጥ የነበረው የፊርማ ገንዘብ በወር ደመወዝ ከተተካ በኋላ፥ ክፍያው እየናረ ስለ ሄደ በነሐሴ ወር 2011 ዓ. ም. ከ50 ሺህ ብር በላይ እንዳይከፈል ጣሪያ ተበጀለት። ጣሪያው ክርክሩን አላቆመውም። ምክንያቱም ነገሩ የጣሪያ ሳይሆን የመሠረት ነበር፤ ሁሉም ክለብ ከሌላው ያደገውን ለመውሰድ ሲሻማ፥ የሚያሳድግ ሲጠፋ፥ ዋጋው መናሩ አይቀርም።

ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱት ልጆች ግን መቈጣት አይገባንም። የኢትዮጵያ ቡናው ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ. ም. ወደ ሩሲያው አንዢ ሄደ። የዚያው ክለብ ልጅ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ. ም. ውድድር 29 ጎል አግብቶ፥ በዓመቱ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ። የደጋፊ ልብ መሰበሩ የፍቅር ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ወጣት ሰው እንጀራው ወደ ሰፋበት መሄዱ ነውር አይደለም። መጠየቅ ያለበት፥ «ለምን ሄደ?» ሳይሆን «ሲሄድ የተገኘው ገንዘብ ምን ተተከለበት?» የሚለው ነው። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፤ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። ከተጫዋች ዝውውር የተገኘ ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ተጫዋች መግዣ ከዋለ መላስ ነው፤ ለታዳጊዎች ሜዳና አሠልጣኝ ከዋለ ግን ክምሩን እንደ ገና መከመር ነው።

በዚህ ላይ የመዝገብ ሰዎች ለሆናችሁት ለእናንተ የሚጥም አንድ ነገር እንጨምር። የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከ1993 ዓ. ም. ጀምሮ ባጸናው ደንብ መሠረት፥ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዋጋው ከመቶ 5 እጅ ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ዕድሜ በየዓመቱ ከመቶ ሩብ እጅ፥ ከ16 እስከ 23 ላለው ዕድሜ ደግሞ በየዓመቱ ከመቶ ግማሽ እጅ ይታሰባል። ስለዚህ አንድን ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ 18 ዓመት እስኪሞላው ዓመቱን ጨምሮ ያሠለጠነ የሰፈር ክለብ፥ ልጁ በሌላ አገር በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር 25 ሺህ ዶላር ይገባዋል። ይህንንም የሚያገኘው ልጁ በየዓመቱ በእርሱ ዘንድ መመዝገቡን የሚያስረዳ ወረቀት ሲኖረው ነው። ወረቀቱ ከሌለ መብቱም የለም። የክለቡን መዝገብ በሥርዓት የሚጠብቅ ባለቤት ከሌለ፥ ልጁም ገንዘቡም አብረው ያልፋሉ።

ሦስተኛው ቅሬታ የበረኛ ነው። በ2009 ዓ. ም. ሻምፒዮን የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ነበረው፤ በ2010 ዓ. ም. ጅማ አባ ጅፋር ጋናዊው ዳንኤል አጄይ፥ በ2011 ዓ. ም. መቀሌ 70 እንደርታ የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፔ ኦቮኖ ነበራቸው። የ2012 ዓ. ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ. ም. ዋንጫ ያነሣው ፋሲል ከነማ ማሊያዊው ሚካኤል ሳማኬን ሲይዝ፥ በ2014 ዓ. ም. ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመለስ ኡጋንዳዊው ቻርልስ ሉክዋጎ በዚያ ነበረ። አንባብያን ሆይ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ፥ ከመቀሌ እስከ ጎንደር፥ በብዙ ነገር የሚፎካከሩት ክለቦች በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ለበረኛ ፍለጋ ዐይናቸው ወደ ውጭ ማየቱ ላይ።

እነዚህ እንግዶች ጥፋት አልሠሩም። ሙያቸውን ይዘው መጡ፤ እንጀራቸውንም በሙያቸው በሉ። ነገር ግን «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። አጥቂ ሦስት አራት ሆኖ ይሰለፋል፤ ተቀያሪውም ከደቂቃዎች በኋላ ይገባል። በረኛ ግን አንድ ብቻ ነው። አንዱ ቋሚ ከሆነ ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይውላል። ወጣቱ በረኛ የሚማረው ስሕተት ሠርቶ ነው፤ የእርሱም ስሕተት ጎል ነው። ሹመቱ በዓመቱ መጨረሻ በሚታይ ውጤት የሚለካ የክለብ መሪ ይህን ስሕተት የሚታገሥበት ምክንያት የለውም፤ የበሰለውን ገዝቶ ያመጣል። አራትና አምስት ዓመት የሚፈጀውን ሥራ የሚሠራ፥ ከዓመቱ በጀት አሻግሮ የሚያይ ባለቤት ብቻ ነው።

ውጤቱም በብሔራዊ ቡድናችን ላይ ይወድቃል። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በጥር ወር 2005 ዓ. ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር፥ ከዛምቢያ ጋር በነበረው በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ተጫዋቾቹ ግን በዐሥር ሰው ታግለው አንድ ለአንድ ተለያዩ። ከናይጄሪያ ጋር በነበረው በሦስተኛው ጨዋታ ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በመጨረሻው ሰዓት ከሜዳ ሲሰናበት ቅያሪው አልቆ ስለ ነበረ የመሐል ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ሊጠብቅ ቆመ። ይህ የዕለቱ ዕድል ነው፤ በእነዚያ ጐበዞች ላይ የምንጥለው ወቀሳ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ሥዕል ለብዙ ነገር ምሳሌ ሊሆነን ይችላል፤ ሙያው ያልሆነ ሰው በሌላ ሰው ቦታ ቆሞ ግብ ሲጠብቅ።

ስለ ማረሚያ ቤት አንሥተን ነበርና፥ የባለቤትነትን ትርጉም ከሁሉ ይልቅ አጥርተው ያሳዩት ሰዎች እስረኞች መሆናቸውን እንንገራችሁ። በደቡብ አፍሪካ በሮበን ደሴት ታስረው የነበሩት የፖለቲካ እስረኞች ኳስ እንዲጫወቱ እንዲፈቀድላቸው ለዓመታት አመለከቱ፤ በመጠየቃቸውም ቅጣት ደረሰባቸው። ፈቃዱን ያገኙት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 መጨረሻ ነው። ከዚያም በ1969 «የማካና እግር ኳስ ማኅበር» የሚባል ድርጅት መሠረቱ። ስሙን ያገኙት ከዚያው ደሴት ሊያመልጥ ሲል ባሕር ከበላው ከቆሳዎች መሪ ከማካና ነው።

የእነዚህ ሰዎች ነገር የሚያስደንቅ ነው። የለበሱት ልብስ የመንግሥት ነበረ፤ የሚተኙበት ምንጣፍ የመንግሥት ነበረ፤ ሰዓታቸው እንኳ የእነርሱ አልነበረም። ክለባቸው ግን የእነርሱ ነበረ። እያንዳንዱ ክለብ ሕገ ደንብ ነበረው፤ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ በምርጫ ይሾም ነበር፤ ዳኞች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ክርክር ሲነሣ በጽሑፍ አቤቱታ ቀርቦ በጽሑፍ ውሳኔ ይሰጥ ነበር። ጨዋታውም የሚመራው በፊፋ የጨዋታ ሕግ ነበረ። ማኖንግ የሚባለው ክለብ በፖለቲካ ድርጅት ሳይለይ ችሎታ ላለው ሁሉ በሩን በመክፈቱ ታወቀ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበረው ወጣት ዲክጋንግ ሞሰነኬ በኋላ ዘመን የደቡብ አፍሪካ ምክትል ዋና ዳኛ ሆነ። ፊፋም በ2007 ማኅበሩን በክብር አባልነት ተቀበለው። በታሰረ እጅ ይህን ያህል ከተሠራ፥ እጁ ያልታሰረ ሰው ስለ ክለቡ «እኔ ምን አገባኝ?» ሲል ምን እንበለው?

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ «ያ የእስር ቤት ጨዋታ ነው፤ ዛሬ ኳስ የገንዘብ ነገር ሆኗል» ይል ይሆናል። መልካም፤ እንግዲያው ገንዘብ ወዳለበት ወደ ጀርመን እንሂድ። የጀርመን ክለቦች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ወደ ኩባንያነት እንዲለወጡ ሲፈቀድላቸው፥ ከድምፁ ግማሽና ከዚያም በላይ አንድ ድምፅ በአባላቱ ማኅበር እጅ እንዲቀር ታዘዘ። ባለገንዘቡ ገንዘቡን ያገባል፤ የመጨረሻውን ቃል ግን አባላቱ ይናገራሉ። ከዚህ ደንብ ውጭ እንዲቈዩ ከተፈቀደላቸው አንዱ በ1904 የመድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞች የመሠረቱት ባየር ሌቨርኩሰን ነው፤ እርሱም በ2024 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ የፋብሪካ ክለብ መሆን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ልዩነቱ ያ ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ባለቤትነቱን ሳይጥል፥ በየዓመቱ ሳይከፍትና ሳይዘጋ መኖሩ ነው። ጥሩ ባለቤት ማለት መሥሪያ ቤትም ይሁን ማኅበር የነገውን የሚያይ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ የዊምብልደን ክለብ ደጋፊዎች በ2002 ክለባቸው ከሰፈራቸው ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወር ሲፈረድባቸው፥ «እንግዲህ አበቃ» ብለው ወደ ቤታቸው አልገቡም። በገዛ ገንዘባቸው አዲስ ክለብ አቁመው ከታችኛው እርከን ጀመሩ፤ በ2011 ክለቡ ወደ ዋናው የሙያ ሊግ ለመግባት በቃ። የእነዚህን ሰዎች ቍጣ ፍሬያማ ያደረገው ከጩኸት ወደ ደብተር መሻገሩ ነው፤ አባል መዘገቡ፥ መዋጮ ሰበሰቡ፥ ሒሳብ ያዙ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንውሰድ? የኢትዮጵያ ደጋፊ በፍቅር ከማንም አያንስም፤ ከቡናና ከጊዮርጊስ ጨዋታ ቀን ስታዲየሙን ያየ ይመሰክራል። የሚጐድለው ወረቀት ነው። የደጋፊዎች ማኅበር ያለው ክለብ አባል ከሆናችሁ፥ ማኅበሩ በክለቡ ቦርድ ውስጥ ድምፅ አለውን? ብላችሁ ጠይቁ። ክለባችሁ የከተማ አስተዳደር ወይም የመሥሪያ ቤት ከሆነ፥ የዓመቱ ሒሳብ ተመርምሮ ለአባላት ይነበባልን? ብላችሁ ጠይቁ። ተጫዋች ሲሄድ፥ በስንት ሄደ? ከዚያስ ምን ያህሉ ለታዳጊዎች ዋለ? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም በላይ፥ በታዳጊ ቡድናችን ውስጥ የበረኛ አሠልጣኝ አለን? የ17 ዓመቱ በረኛ በዓመት ስንት ጨዋታ ይጫወታል? ብላችሁ ጠይቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግባችንን ማን እንደሚጠብቅ ይነግራችኋል።

እነዚህን ጥያቄዎች ከሁሉ አስቀድሞ ለማቅረብ የሚገባችሁ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። ደንብ ማርቀቅ፥ ቃለ ጉባኤ መያዝ፥ ሒሳብ መመርመር፥ ደብዳቤን በቍጥርና በቀን መላክ የዘወትር ሥራችሁ ነው። ቀን በመሥሪያ ቤት የምትሠሩበትን ሙያ ማታ ለምትወዱት ክለብ ብታውሱት፥ የስታዲየሙ ጩኸት ያላስገኘውን ውጤት አንዲት በሥርዓት የተጻፈች ማመልከቻ ልታስገኘው ትችላለች። የሮበን ደሴት እስረኞች የኳስ ሜዳ ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው፤ በየሳምንቱ እየጠየቁ፥ እየተከለከሉ፥ እንደ ገናም እየጠየቁ።